በከሳሾች ብዕር የተወለደ እምነት

ዲሴምበር 28 ቀን 1022 (ዘመኑ እስከ መጨረሻው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፈረንሳይዋ ኦርሌአን ከተማ ከዐሥር የሚበልጡ ሰዎች ከነነፍሳቸው ተቃጠሉ። ተራ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ የካቴድራሉ አገልጋዮች፣ የተማሩና የተከበሩ ካህናት ናቸው፤ ከመካከላቸው እስጢፋኖስ የተባለው የንግሥት ኮንስታንስ የንስሐ አባት ነበር። ተፈርዶበት ሲወጣ ንግሥቲቱ በር ላይ ጠብቃ በእጇ በያዘችው በትር ዓይኑን አወጣችው። የተከሰሱት ክርስቶስ ከድንግል አልተወለደም፣ ጥምቀትና ቁርባን አያድንም ብለው በማስተማራቸው ነው። መናፍቃን ቢባሉ በጊዜው ሚዛን ያስኬዳል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ ግን ጳውሎስ የሚባል የሻርትር መነኩሴ ታሪካቸውን ሲጽፍ ሌላ ነገር ጨመረበት። በሌሊት መብራት ይዘው ተሰብስበው የአጋንንትን ስም ይጠሩ ነበር አለ፤ ሰይጣን በትንሽ አውሬ አምሳል ይወርድላቸዋል፣ ያን ጊዜ መብራቱን አጥፍተው ያገኟት ሴት ላይ ይወድቃሉ፣ ከዚያ የተወለደውን ሕፃን በስምንተኛው ቀን አቃጥለው አመዱን እንደ ቁርባን ያስቀምጣሉ።

ይኸው ክስ አዲስ አይደለም። የሮም አረማውያን በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ላይ ያወሩት የጨለማ ድግስና የሕፃን ሥጋ ወሬ ነው ዞሮ የመጣው። ከኦርሌአን በኋላ ወሬው እግር አወጣ። በ1307 የፈረንሳይ ንጉሥ የመቅደስ ባላባቶች የሚባሉትን መነኮሳት ወታደሮች ሲያስይዝ ከክሱ አንዱ ጣዖት ማምለክ ነበር። በ1486 ግድም «የጠንቋዮች መዶሻ» የተባለው የመርማሪዎች መመሪያ ታተመ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በአውሮፓ የጠንቋይ አደን ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው ተገድሏል፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። በዚህ ሁሉ የፍርድ ቤት ሰነድ ውስጥ ሰይጣንን አምላኬ ብሎ የያዘ፣ የራሱ ትምህርትና ሥርዓት ያለው ማኅበር አልተገኘም። የእምነቱ መጽሐፍ ግን ከነዝርዝሩ ተጽፎ አለቀ፤ ጸሐፊዎቹም ዳኞችና መነኮሳት ነበሩ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ላይ የፈነዳው ጉዳይ ከወሬ ያለፈ ይመስለኛል። የፖሊስ አዛዡ ላ ሬይኒ መርዝ ሻጮችን ሲያድን ካትሪን ሞንቯዘን የምትባል፣ ሰው ሁሉ «ላ ቯዘን» የሚላት ጠንቋይ እጁ ገባች። ላ ቯዘን እጅ ታነባለች፣ ፅንስ ታስወርዳለች፣ ባሏ ለሰለቻት ሴት ዱቄት ትሸጣለች። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1680 በእሳት ተቀጣች። ጉዱ የፈላው እሷ ከሞተች በኋላ ልጇ ማርግሪት አፏን ስትከፍት ነው። ጊቡር የሚባል በዕድሜ የገፋ ቄስ እራቁቷን በተጋደመች ሴት ሆድ ላይ ጽዋ አስቀምጦ ይቀድስ ነበር፤ አስታሮትንና አስሞዴዎስን እየጠራ ይለምን ነበር፤ ሕፃናትም ይታረዱ ነበር አለች። ከባለጉዳዮቹም አንዷ የሉዊ 14ኛ ውሽማ ማዳም ደ ሞንቴስፓን ናት ተባለ። የምትለምነው የንጉሡ ፍቅር እንዳይቀዘቅዝባት ነው። ነገሩ ወደ አልጋው ሲጠጋ ንጉሡ ልዩ ፍርድ ቤቱን በ1682 ዘጋው። እስከዚያ 36 ሰዎች ተገድለዋል። በ1709 ደግሞ ሚስጥራዊውን የምርመራ ሰነድ እሳት አስበላው፤ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ላ ሬይኒ ለራሱ ከያዘው ማስታወሻ የተረፈ ነው። ስለ ሕፃናቱ የተነገረው በእስርና በማስፈራራት መካከል የወጣ ቃል ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ላምነው አልችልም።

ቅዳሴው ግን ተደርጎ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው እምነት የማን ነው? ጊቡር የተፈለገው ክህነት ስላለው ነው። ኅብስቱ በእጁ ወደ ሥጋ ይለወጣል ብለው ባያምኑ ኖሮ ማንም ገንዘብ አይከፍለውም ነበር። ሰይጣንም እዚህ ላይ የሚመለክ ሳይሆን የሚቀጠር ነው፤ እግዜር እምቢ ያለውን ጉዳይ የሚፈጽም ደላላ። በዚያው ዘመን በስዊድንና በጀርመን አገር ዕዳ የገቡና ተስፋ የቆረጡ ወታደሮች በደማቸው ከሰይጣን ጋር ውል ሲጽፉ ተይዘው ተፈርዶባቸዋል። እነሱም የፈለጉት ገንዘብ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ልሁን የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም።

እሱን ጥያቄ ያነሡት ባለቅኔዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» ሰይጣንን አንደበተ ርቱዕ፣ ተሸንፎ የማይንበረከክ አመፀኛ አድርጎ ሣለው። ሚልተን ራሱ ጥብቅ ክርስቲያን ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት አንባቢዎቹ ግን ልባቸው ወደ አመፀኛው አዘነበለ።

እዚህ ላይ የኛ አገር እጅ አለበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በ1773 አውሮፓ ሲደርስ ከያዛቸው የብራና መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ። አውሮፓ ይህን መጽሐፍ በሙሉ አጥቶት ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ኦክስፎርድ ላይ ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1821 አሳተመው። የኛ አንባቢ እንደሚያውቀው በመጽሐፉ አዛዝኤል ከሰማይ ወርዶ ለሰው ልጅ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጥንና ኩልን ያስተምራል፤ በዚህም በደሉ ታስሮ ወደ ጨለማ ይጣላል። እኛ ዘንድ አሳች ነው። በዘመኑ የነበሩት የእንግሊዝ ወጣት ባለቅኔዎች ግን እሳት ሰርቆ ለሰው የሰጠውን የግሪኮች ፕሮሜቴዎስን የሚወዱ ስለሆኑ፣ ዕውቀት ሰጥቶ የተቀጣ መልአክ ሲያዩ ሌላ ነገር ነው የታያቸው። ባይረን የመላእክትንና የሴቶች ልጆችን ፍቅር በግጥም ተውኔት ጽፎ በ1823 አወጣ፤ ቶማስ ሙርም በዚያው ሰሞን በዚሁ ጉዳይ ላይ ረጅም ግጥም አሳተመ። የሚገርመው ሎረንስ ሄኖክን ባሳተመበት በ1821 ነው ባለቅኔው ሮበርት ሳውዚ እነባይረንን «ሰይጣናዊው ትምህርት ቤት» ብሎ በመጽሐፉ መቅድም የሰደባቸው። ስድብ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ መኩሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ ባይረንም ሆነ ጓደኛው ባለቅኔው ሼሊ ለሰይጣን ጸልየው አያውቁም፤ እንዲያውም ሼሊ ከኦክስፎርድ የተባረረው ስለ እምነት የለሽነት ባሳተመው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጋመሻ ጀምሮ ሁለት ሰይጣኖች ተዘጋጅተው ይጠባበቁ ነበር፤ አንዱ መርማሪዎች የጻፉት ሕፃን በላው፣ ሌላው ባለቅኔዎች የጻፉት አስተማሪው። አምላኪ የጎደላቸው ሁለቱም ናቸው።

መጀመሪያ የመጣው ግን አታላይ ነው። ሊዮ ታክሲል የካህናት ጠላት የሆነ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነበር። በ1885 ንስሐ ገባሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ አለ። ቀጥሎም ፍሪሜሶን የሚባለውን ምሥጢራዊ ማኅበር ጓዳ አውቃለሁ ብሎ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ይጽፍ ጀመር። የሮሙ ጳጳስ ሊዮ 13ኛ በ1887 ተቀበሉት። እንደ ታክሲል ወሬ ሜሶኖች «ፓላዲዝም» በሚባል ከፍተኛ ማዕረግ ሉሲፈርን እንደ በጎ አምላክ ያመልካሉ። ከዚያ ማዕረግ አምልጣ የወጣች ዳያና ቮን የምትባል አሜሪካዊት ፈጠረና የሕይወት ታሪኳን በተከታታይ ማሳተም ጀመረ። ካቶሊኮች አነቡ፣ አለቀሱ፣ ጸለዩላት። በሊዝዮ ገዳም የነበረችው መነኩሲት ቴሬዝ፣ በኋላ ቅድስት የተባለችው፣ እንደ ዣን ዳርክ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ላከችላት።

አንባቢ ዳያናን በአካል እንይ ሲል ታክሲል ኤፕሪል 19 ቀን 1897 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር አዳራሽ ሕዝብ ጠራ። ቀሳውስቱና ጋዜጠኞቹ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ የቴሬዝ ፎቶግራፍ በመብራት ተንጸባርቋል። ታክሲል ተነሥቶ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሾፍባቸው እንደኖረ ነገራቸው። ፓላዲዝም የለም፤ ሉሲፈርን የሚያመልክ ማዕረግ የለም፤ ዳያና ቮንም የጽሕፈት መኪና የምትሸጥ፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት አላቸው። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፣ ታክሲልም በፖሊስ ታጅቦ ወጣ። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ የታክሲልን ፈጠራ እንደ እውነት የሚጠቅስ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። በየማኅበራዊ ሚዲያው በአማርኛ የሚናፈሰውን የኢሉሚናቲ ወሬ የተከታተለ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል።

ታክሲል ቀልዱን ባጋለጠበት በ1897 እውነተኛው ሰው በርሊን ውስጥ ይጽፍ ነበር። ፖላንዳዊው ስታኒስዋፍ ፕሺቢሼቭስኪ ሠዓሊው ኤድቫርድ ሙንክና ጸሐፌ ተውኔቱ ስትሪንድበርግ ይጠጡበት በነበረው ቤት ያመሽ የነበረ ደራሲ ነው። «የሰይጣን ምኩራብ» በተባለው ድርሰቱ ሰይጣንን የፈላስፎች፣ የጠቢባንና የአመፀኞች አባት አደረገው። የእግዚአብሔርን ትሕትናና ታዛዥነት አልቀበልም፤ ሰው የሚያድገው በጉጉት፣ በኩራትና በሥጋው ነው የሚል ትምህርት ነው። ደካማው ይጥፋ የሚል ጭካኔም አለበት፤ የዳርዊን ስም በየአፉ የሚዘወተርበት ጊዜ ነበርና። ያም ሆነ ይህ ከራሱ አንደበት «እኔ ሰይጣናዊ ነኝ» ብሎ ትምህርቱን በሥርዓት ያስቀመጠ ሰው ሲገኝ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው።

በ1906 ኮፐንሃገን ውስጥ ቤን ካዶሽ በሚል የብዕር ስም ካርል ዊልያም ሃንሰን የተባለ የወተት ተዋፅኦ ነጋዴ ትንሽ በራሪ መጽሐፍ አሳተመ። ሉሲፈርን ፓን ከተባለው የግሪኮች የበግ እረኛ አምላክ ጋር አዋሕዶ የተፈጥሮ ኃይል ነው ይላል። ጽሑፉ ዝብርቅርቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነጥብ ላይ ግልጽ ነው። መቀላቀል የሚፈልግ ይምጣ ብሎ የቤቱን አድራሻ አትሟል። ከኦርሌአን ቃጠሎ እዚህ ለመድረስ 884 ዓመት ፈጅቷል።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ውስጥ እኔን ይበልጥ የምትስበኝ ማሪያ ደ ናግሎቭስካ ናት። በ1883 ሴንት ፒተርስበርግ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወልዳ፣ አይሁዳዊ ሙዚቀኛ በማግባቷ ዘመዶቿ ፊት ነስተዋት፣ ከአገር አገር ስትንከራተት ፓሪስ የደረሰች ሴት ነች። ከ1930 ጀምሮ «ላ ፍሌሽ» የተባለች ትንሽ ጋዜጣ እያሳተመች በሞንፓርናስ ታድል ነበር። ትምህርቷ እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር «አዎን» ነው፣ ሰይጣን «አይደለም» ነው፤ ሰይጣን ከሰው ውጭ የሚኖር ፍጡር አይደለም፣ በሰው ውስጥ የሚቃወም ኃይል ነው። ሰው በመጀመሪያ ሰይጣንን ማገልገል፣ ፈተናውን ማለፍ፣ ከዚያም ያንን ኃይል ወደ እግዚአብሔር መመለስ አለበት። የመጨረሻው ዘመን የመንፈስ ቅዱስ ነው፣ መንፈስ ቅዱስም የሴትን ጠባይ የያዘ ነው ብላ ትሰብክ ነበር። ራሷን ሰይጣናዊት ብትልም መዳረሻዋ እርቅ ነው። በ1936 ዙሪክ ውስጥ ሞተች፤ ተከታዮቿ የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወሬው ወደ አሜሪካ ይሻገራል። በኦሃዮ ግዛት ቶሌዶ ከተማ ኸርበርት ስሎን የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር። በልጅነቱ ጫካ ውስጥ ቀንዳም ፍጡር አየሁ ይላል፤ ማን እንደሆነ የገባው ግን አድጎ መጻሕፍት ሲያነብ ነው። የራሱን ሰይጣናዊ ማኅበር በ1948 መሠረትኩ ቢልም ሰው ያወቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የስሎን እምነት ከጥንቶቹ ግኖስቲኮች የተቀዳ ነው፦ ይህን ዓለም የሠራው አምላክ ትንሹ አምላክ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው እውነተኛው አምላክ ሰውን ለማንቃት መልእክተኛ ላከ፤ መልእክተኛውም ለሔዋን ፍሬውን ያሳያት እባብ፣ ማለትም ሰይጣን ነው። የሰው ግዴታ ማወቅ ነው፤ መግደል፣ መሥዋዕት፣ ምንም የለም። ጸሎቱ ሲያልቅ ምእመናኑ ቡናና ዶናት እየቀማመሱ ይጫወታሉ። ለመርማሪዎቹ ሕፃን በላ ሰይጣን ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

በዚሁ ሰሞን ለንደን ላይ ሮበርት ደ ግሪምስተንና ሜሪ አን ማክሊን የመሠረቱት «የፕሮሰስ ቤተ ክርስቲያን» አባላት ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ትልልቅ የጀርመን ውሾች አስከትለው በየመንገዱ መጽሔት ይሸጡ ነበር። ይሖዋ፣ ሉሲፈር፣ ሰይጣንና ክርስቶስ አራቱም አሉ፣ አራቱም ይከበራሉ ባይ ናቸው። ማስረጃቸው ወንጌል ነው፦ ክርስቶስ ጠላትህን ውደድ ብሏል፣ የክርስቶስ ጠላት ሰይጣን ነው፣ እንግዲያው ሁለቱ ይታረቃሉ። ማኅበሩ በ1974 ተሰነጠቀ። ደ ግሪምስተን ሲባረር የቀሩት ሰይጣንንም ሉሲፈርንም ትተው ስማቸውን ለወጡ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ በ1980ዎቹ በዩታ ግዛት ካናብ ላይ ባለቤት የሌላቸውን ውሾችና ድመቶች የሚያሳድግ ትልቅ መጠለያ ከፈቱ። መጠለያው ዛሬም አለ።

ብዙ ሰው «ሰይጣናዊ» ሲባል የሚያስበው አንቶን ላቬይን ነው። ላቬይ ኤፕሪል 30 ቀን 1966 በሳን ፍራንሲስኮ ጥቁር በተቀባ ቤቱ «የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን» አቋቋመ፣ በ1969 «የሰይጣን መጽሐፍ ቅዱስ» አሳተመ። ሰይጣን አለ ብሎ ግን አያምንም፤ ለእሱ ሰይጣን የሥጋ ፍላጎትና የኩራት ምሳሌ ነው። ሥነ ምግባሩ የዓይን ስለ ዓይን ነው፦ ለሚገባው ቸር ሁን፣ ላጠቃህ ጉንጭህን አትስጥ፣ ሕፃን አትንካ፣ ካልራበህ ወይም ካልተነሣብህ እንስሳ አትግደል።

ችግሩ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ማመናቸው ነው። ማይክል አኩዊኖ የአሜሪካ ጦር የሥነ ልቦና ጦርነት መኮንን፣ በቪየትናም ያገለገለ፣ መጽሐፍ የማይጠግብ ሰው ነበር። በ1969 ገብቶ በጥቂት ዓመት ከላቬይ ቀጥሎ የሚጠቀስ ካህን ሆነ። በ1975 ላቬይ የክህነት ማዕረግ በገንዘብና በስጦታ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ አኩዊኖ ተቆጣ፤ በጁን ወር ከማኅበሩ ለቀቀ። ጁን 21 ሌሊት ሳንታ ባርባራ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሰይጣንን ጠራ፤ አሁን ምን እናድርግ ብሎ ሊጠይቀው። እስኪነጋ ድረስ የጻፈውን «በሌሊት የመውጣት መጽሐፍ» ይለዋል። የመጣለት መልስ ሰይጣን የሚለውን የዕብራውያን ስም እንደማይፈልግ፣ እውነተኛ ስሙ ሴጥ፣ የጥንት ግብፃውያን የበረሃና የማዕበል አምላክ እንደሆነ ነው። በዚያው ዓመት «የሴጥ ቤተ መቅደስ» በካሊፎርኒያ በሃይማኖት ድርጅትነት ተመዘገበ፤ ከግብርም ነፃ ሆነ።

የዚህ ቤተ መቅደስ ትምህርት እንዲህ ነው። ተፈጥሮ በሕግ የምትሄድ ነች፤ «እኔ» ብሎ ራሱን ከተፈጥሮ ለይቶ የሚያይ አእምሮ ግን ከተፈጥሮ አልመጣም፣ የሴጥ ስጦታ ነው። ስለዚህ ለሴጥ መንበርከክ ስጦታውን መናቅ ነው። ግዴታው «ኼፐር» በሚሉት የግብፅ ቃል ይጠራል፤ መሆን፣ ዕለት ዕለት ራስን መሥራት ማለታቸው ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት የሚመስል ሕግ የለውም፤ በምትኩ ስድስት ማዕረግና ረጅም የንባብ ዝርዝር አለው። ይህ አካሄድ ክብር እንዳለው ሁሉ ቀዳዳም አለው። ክፉና ደጉን እያንዳንዱ ለራሱ ይመዝን ከተባለ መዛኙ ሲሳሳት የሚያርመው የለም። አኩዊኖ ራሱ በ1982 የናዚው ሂምለር የኤስኤስ መኳንንት መቅደስ ሊያደርገው ወዳሰበው የቬቬልስበርግ ግንብ ሄዶ ሥርዓት ፈጽሟል፤ ናዚ አይደለሁም፣ የፈለግሁት ምሥጢሩን ነው ቢልም አንዳንድ አባላቱን አስቆጥቷል።

የ1980ዎቹ አሜሪካ ግን ይህን ዝርዝር የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። ከ1983 ጀምሮ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ሰይጣን አምላኪዎች ልጆች ይበድላሉ የሚል ክስ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በ1987 በሳን ፍራንሲስኮ የጦር ሠፈር መዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ የአኩዊኖ ስም ተነሣ፤ ምርመራ ተደረገ እንጂ ክስ አልተመሠረተበትም። በ1988 በኦፕራ ዊንፍሬይ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተከራከረ። በ1992 የኤፍቢአይ ባለሙያ የሆነው ኬኔት ላኒንግ ባወጣው ዘገባ የተደራጀ የሰይጣን አምላኪዎች ግድያ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አለመገኘቱን ጻፈ። ያም ሆኖ በ1994 በአርካንሶ ግዛት ሦስት ወጣቶች ጥቁር ልብሳቸውና የሚሰሙት ሙዚቃ ጭምር ተቆጥሮባቸው በግድያ ተፈረደባቸው፤ የተፈቱት በ2011 ነው። የሻርትሩ መነኩሴ ጳውሎስ የጻፈው ተረት ከነሕፃኑ እንደገና ፍርድ ቤት ቆመ።

ተረቱን ወደ ተግባር የለወጡ ሰዎችም በዚሁ ጊዜ ብቅ አሉ፤ እዚህ ላይ ማድበስበስ አይገባም። ኦስሎ ውስጥ «ሄልቬቴ» (ገሃነም) የሚባል የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ኦይስታይን ኦርሴት ላቬይን የሚንቀው ነፃነትና ሕይወት ስለሚሰብክ ነበር። የእሱ ሰይጣን ሰባኪዎች የሚሉት ቀንዳሙ ነው፤ ትምህርቱም ጥላቻና ሐዘን ማስፋፋት። ጁን 6 ቀን 1992 በርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነደደ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ኦርሴት በ1993 በሙዚቃ ባልደረባው ተገደለ። በብሪታንያ «የዘጠኙ ማዕዘናት ሥርዓት» የተባለው ቡድን ደግሞ ደካማ የሚለውን ሰው መግደልን በጽሑፍ አስተምሯል፤ ከናዚነትም ጋር ተቆራኝቷል። ከዚህ ቡድን ጋር ግንኙነት የነበረው አንድ የአሜሪካ ወታደር ቱርክ ሊላክ የተዘጋጀውን የራሱን ጦር ክፍል ለማስጨፍጨፍ በማሤሩ በ2023 የ45 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚህ ሰዎች ትምህርታቸውን ከሚልተን ወይም ከሄኖክ አልቀዱም። የቀዱት ከመርማሪዎቹ ነው፤ ከሳሽ ሰይጣን እንዲህ ያዛል ያለውን ቃል በቃል አምነው ተቀበሉት።

ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ አማኞቹ በብዛት በየቤታቸው ብቻቸውን የሚጸልዩ ናቸው። ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመች አንዲት ትንሽ ማኅበር ስሟን «የአዛዝኤል ቤተ ክርስቲያን» ብላ፣ ሰይጣንን ከብዙ አማልክት አንዱ አድርጋ የዕውቀትና የነፃ ሐሳብ ደጋፊ ትለው ነበር። ሌላ ማኅበር ሰይጣን ከጥንቱ የሱመር አምላክ ኤንኪ ጋር አንድ ነው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው እያለ የአይሁድ ጥላቻ ሲዘራ፣ መሥራቿ ከአንድ የናዚ ድርጅት መሪ ጋር መጋባቷ ታውቆ ብዙ አባል ጥሎት ሄዷል። ዜና ላይ የምናያቸው፣ የፍየል ራስ ያለው ሐውልት በ2015 ዲትሮይት ላይ የገለጡት የ«ሰይጣናዊው መቅደስ» ሰዎች ግን ሰይጣን አለ አይሉም፤ ጉዳያቸው ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚል የሕግ ሙግት ነው።

በ2021 በተካሄደው የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ ቆጠራ 5,054 ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሰይጣናዊነት ብለው ሞልተዋል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት 1,893 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሰይጣን በእርግጥ አለ የሚሉት ስንት እንደሆኑ ቅጹ አይጠይቅም። እርስ በርሳቸው ግን ይተዋወቃሉ፤ አማኞቹ ሰይጣን ምሳሌ ብቻ ነው የሚሉትን ሃይማኖት የለሾች ናችሁ ሲሏቸው፣ እነዚያ ደግሞ አማኞቹን ተገልብጣችሁ ክርስቲያን ሆናችሁ ይሏቸዋል።